ከበሮ ካልሰማች የማትራመድ ፈረስ

ሻልኮና፣ በካርቲክ ወር፣ ውኃው መሸሽ በጀመረ ሰሞን

ለተከበርሽው ዋርሳዬ፣ ለታላቅ ወንድሜ ባለቤት፤

ከዚህ መስመር ወደሚቀጥለው ከመሻገርሽ በፊት ቁጭ በይ። አጠገብሽ ሰው ካለም እጁን ያዢ። ከባድ ዜና ነው የማረዳሽ። የቤታችን አባወራ፣ ያንቺ ባል፣ የኔ ወንድም ጋሼ፣ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ በደረቱ ተኝቷል። አይቀመጥም። በጀርባው አይተኛም። ሩዙን የሚበላው ቆሞ ነው። ጎረቤቱ ይገባል፣ ይወጣል፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። እማዬ ጠዋት ማታ የኮኮናት ዘይት እያሞቀች ትቀባዋለች፤ የት ላይ እንደምትቀባው ግን ለጨዋ ሴት በደብዳቤ አይጻፍም።

አሁን ልብሽ ድው ድው ማለት ስለጀመረ ሰላምታዬን ላድርስ። ቀድሜ ባደርሰው ኖሮ ዘለሽው ታልፊ ነበር፣ አውቅሻለሁ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? የአምላካችን የእናታችን ዱርጋ በዓል አብቅቶ ምስሏ ወደ ወንዙ ከወረደ ወዲህ ታናሽ የታላቁን እግር የሚነካበት ሰሞን ነውና እኔም ከሦስት ወንዝ ማዶ ሆኜ እግርሽን ነክቻለሁ። ለእግር ነኪ የሚሰጠውን የኮኮናት ጣፋጭ ግን በደብዳቤ አልቀበልም፤ አስቀምጪልኝ። አባትሽ ወገባቸውን እንዴት አረጋቸው? እናትሽስ ዓይናቸው ተሻላቸው? ያ በቀቀናችሁ አሁንም እንግዳ በገባ ቁጥር «ሌባ መጣ!» ይላል? ማን እንዳስተማረው አባትሽ እስካሁን ካላወቁ አንቺም አታውቂም።

እኛ ደኅና ነን። እማዬ ደኅና ናት፤ በተራ በተራ የምትቆጣን ሁለት ሰዎች ነበርን፣ አንቺ ስለሌለሽ የሁለቱንም ድርሻ እኔ እወስዳለሁ። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ጥጃዋ ካንቺ አጎት ጋር ቁርጥ አንድ ናት፤ ይህንን ለአጎትሽ አታንብቢ።

አሁን ወደ ነገሬ። አንዳንዱን የምታውቂውን ልደግምልሽ ነው፤ አባትሽ ቤት ሲደርስ ሌላ መልክ ይዞ ሊሆን ይችላልና።

ወንድም ጋሼ የሕጉን ፈተና አለፈ። የሂሳቡን አለፈ። የእንግሊዝኛውንማ እንግሊዞቹ ራሳቸው ቢቀመጡ በማያመጡት ነጥብ ነው ያለፈው። ምክትል ዳኛ ለመሆን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፈረስ። ፈረስ ላይ መቀመጥ የማይችል ሰው ዳኛ ወንበር ላይ አይቀመጥም ብሏል መንግሥት። የእኛን አገር ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ግማሹን ዓመት ውኃ ነው፣ ግማሹን ዓመት ጭቃ። ልጁ ከመራመዱ በፊት ይዋኛል። ገበያ በጀልባ፣ ሙሽራ በጀልባ፣ ቀራጩም በጀልባ ነው የሚመጣው። ፈረስ የሚያስፈልገው እግር ለሚያሳርፍበት መሬት ላለው ሰው ነው።

ይህንን እያወቀ ነው ሳሂብ ሃርግሬቭ፣ እንግሊዛዊው የወረዳችን ገዢ፣ ወንድም ጋሼን ጽሕፈት ቤቱ ጠርቶ ወንበር ሳይሰጠው ስለ ገዛ ሕዝባችን ያስተማረው። እንፋሎት ውስጥ የሚኖር ሕዝብ እንደ ተቀቀለ ሩዝ ይለሰልሳል አለው። ሲኩ ወንድ ነው፤ ጉርካው አጭር ቢሆንም ወንድ ነው፤ ራጅፑቱ ወንድ ነው፤ ፓታኑ እንኳ፣ ጠላታችን ሆኖ፣ ወንድ ነው። ቤንጋሊ ግን ሕግ የሚሸመድድ፣ ግጥም የሚወድ፣ ሲቆጡት ዓይኑ እንባ የሚያቀር ፍጥረት ነው። የየሕዝቡ የደረት ስፋት የተመዘገበበት ትልቅ መጽሐፍ አለው አሉ፤ የእኛን ገጽ ገልጦ አሳየው። ከዚያም በደግነት፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ «ባቡ፣ የናንተ ሰው ጥሩ ጸሐፊ ይወጣዋል፤ ጥሩ ሚስትም ይወጣው ነበር» አለው።

ወንድም ጋሼ ቤት መጥቶ ይህንን ሲነግረን እማዬ ዓሣ እየከተፈች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሴት ብሎ ሰደበን? ታዲያ የነሱን አገር የምትገዛው ማናት?» አለች። እኔም በበኩሌ አንበሳ ጋልባ፣ በአሥር እጇ መሣሪያ ይዛ ጭራቅ የምትገድል ሴት የሚያመልክ ሕዝብ ሴት መባሉ ስድብ የሚሆነው በምን በኩል ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሳቅንና አለፍነው። ወንድም ጋሼ ብቻ አልሳቀም።

ማታ መኝታችሁ ገብቶ አንቺን ምን እንዳለሽ፣ አንቺም ምን ብለሽ እንደመለስሽለት አላውቅም። የመኝታችሁ ግድግዳ ቀርከሃ ነው፤ ነገር ግን የኔ እንቅልፍ ከባድ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማውቀው በማግስቱ ወንድም ጋሼ ኢሊሽ ዓሣ በሰናፍጭ ቀርቦለት አልበላም ማለቱን ነው። ኢሊሽ በሰናፍጭ አልበላም የሚል ቤንጋሊ ወይ ሞቷል ወይ ሊሞት ነው። ከዚያ ወዲያ የአባትሽ ጀልባ መጣ፣ ለበዓሉ ወሰዱሽ፤ ጀልባው ሲነሣ አባትሽ ከጣራው ሥር ብቅ ብለው፣ ልጄ የምትመለሰው ሹመቱ ሲመጣ ነው አሉ። አንቺም መከናነቢያሽን ወደ ፊትሽ ሳብሽ። ወንድም ጋሼም ዓይኑን ውኃው ላይ ተከለ። ጀልባ ቀዛፊው ብቻ ነው ያኔ የተነፈሰው።

እንግዲህ የሆነውን ስሚ።

መጀመሪያ ብረት ገዛ። ከካልካታ በፖስታ የሚመጣ፣ ጡንቻ ያወጣል የሚባል፣ ሁለት ጫፉ ድቡልቡል ብረት። ጥቂት ቀን አነሣ፣ ጣለ፤ እግሩ ላይ ሲጥለው ተወው። አሁን እማዬ በጨውና በዘይት የምታቆየውን የማንጎ አቻር ማሰሮ ክዳን ትጫንበታለች፤ አቻሩ ግን እንዲህ ጥሩ ሆኖ አያውቅም። ቀጥሎ ፈረስ ፍለጋ ሄድን። በወረዳው የሳሂቡን ሳይጨምር ያለችው ፈረስ አንዲት ናት፤ ሙኒያ ትባላለች፤ ጌታዋ ላልማን ከምዕራብ፣ ከቢሃር የመጣ ሰው ነው። ቃጫ መጋዘን የሚሠሩት ያገሩ ልጆች ሲያገቡ እንደ አገራቸው ደንብ ሙሽራው በፈረስ ነው የሚሄደው፤ ላልማንም ሙኒያን ያከራያቸዋል። አሮጊት ናት። ቅንድቧ ሸብቷል። ወንድም ጋሼን እንዳየችው እንደ አክስት ተነፈሰች።

ወንድም ጋሼ ወጣ። ሙኒያ ቆመች። ረገጣት፤ ቆመች። ለመናት፤ ቆመች። ልጓሙን ስቦ በእንግሊዝኛ አዘዛት፤ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ በኋላዋ በኩል ዞሬ የማውቀውን ዘዴ ልሞክር ስል ላልማን ክንዴን ያዘኝ።

«አንተ ቀልደኛ፣ ጥርስህን ትፈልገዋለህ?» አለኝ። ከዚያም ለወንድም ጋሼ፣ «ባቡ፣ እሷ እኮ የሰርግ ልጅ ናት። ከበሮ ካልሰማች አንድ እርምጃ አትራመድም።»

ከበሮ አስመጣን። ዋርሳዬ፣ ያቺ አሮጊት ከበሮውን ስትሰማ ብታያት! አንገቷ ተቆለመመ፣ ጭራዋ ተነሣ፣ እግሯን እስከ ደረቷ እያነሣች፣ አንድ ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ጎን፣ እየተሽኮረመመች ሄደች። ወንድም ጋሼ ግን ከላይ እንደ ቃጫ ጆንያ ይንከባለል ነበር። ጀርባው የጸሐፊ ጀርባ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የጎበጠ። እዚህ ላይ ነው እኔ የተፈለግሁት።

የመንደራችን ተጫዋቾች መድረክ ሲወጡ የንግሥቲቱን ቦታ የምጫወተው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ጆሮ ጌጥሽን የምዋሰውም ለዚሁ ነው። (አንደኛው ጠፍቷል። ስትመጪ እናወራለን።) ሸንጎ ፊት የተሰደበች ንግሥት እንዴት እንደምትቆም የአስተማሪያችን ዱላ ነው ያስተማረኝ። ወንድም ጋሼን ሙኒያ ላይ አውጥቼ ያንኑ አስተማርሁት። አገጭ ቀና። ትከሻ ወደ ኋላ። ዓይን ከሰው ራስ በላይ። ወገብ ላይ እንስራ እንዳለ፣ እንስራውም ሙሉ እንደ ሆነ አድርገህ ያዘው። ሰድበውሃል፤ ግን ሳለቅስ ማንም አያየኝም ብለሃል።

«ሴት ሁን ነው የምትለኝ?» አለ።

«ንግሥት ሁን ነው የምልህ» አልሁት። «ሳሂቡም ሌሊትና ቀን የሚያገለግለው ንግሥት ነው።»

ያን ጊዜ ጀልባሽ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሲስቅ ከሙኒያ ወደቀ። ተመልሶ ወጣ። በመሸ ቁጥር ወደቀ፣ በነጋ ቁጥር ወጣ። አንድ ቀን ጉልበቱ ደምቶ አየሁትና፣ ወንድም ጋሼ፣ ሹመቱ ገደል ይግባ፣ ለዚህ ሳሂብ ብለህ አጥንትህ ይሰበር? አልሁት። እርካቡን እያስተካከለ፣ «ለሳሂቡ ብዬ መሰለህ?» አለኝ። ተመልሶ ወጣ። እኔም አልጠየቅሁም፤ እንቅልፌ ከባድ ነው ብዬሻለሁ።

ሐሙስ ደረሰ። ውኃው ገና ስላልሸሸ ደረቁ ቦታ የሳሂቡ ግቢ ብቻ ነው፤ ፈተናው ከበረንዳው ፊት ሆነ። ሚስቱ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጥልፍ ትጠልፋለች። ሳሂቡ መጽሐፉን ይዞ ቆሟል። ከበሮውን በምን ሰበብ እንደምናስገባ ጨንቆን ነበር። እኔ ለበር ጠባቂው፣ የንግሥቲቱ እንደራሴ ፊት ያለ ከበሮ መቅረብ ባገራችን ነውር ነው፣ አባቶቻችን ይረግሙናል አልሁት። ሳሂቡ ይህንን ሲሰማ ደስ አለው፤ ልማድ ይወዳል፣ በተለይ ለሱ ክብር የሆነውን። ለበዓሉ የመጡት ከበሮ መቺዎች ገና ወዳገራቸው አልተመለሱም ነበርና አቁመናቸዋል። አንድ ጊዜ ዓይኔን ጠቀስሁ። ጀመሩ።

ሙኒያ ያን ቀን ሙሽራ የጫነች መሰላት። አንገቷን ቆለመመች፣ ተሽኮረመመች፣ በጎን ሄደች፣ ዞረች፣ ተመልሳ ዞረች። ከላይ ወንድም ጋሼ፣ ነጭ ሽርጡ ተተኩሶ፣ ጀርባው እንደ መቃ ቀጥ ብሎ፣ ዓይኑ ከሁላችንም ራስ በላይ። በእናታችን በዱርጋ፣ የተሰደበችውን ንግሥት እንዲህ አድርጌ ተጫውቼ አላውቅም። የሳሂቡ ፒፓ ከአፉ ወረደ።

ከዚያ ከበሮ መቺው ደከመውና አቆመ። ይህንን አላሰብንበትም ነበር። የሰርግ ፈረስ ከበሮ ሲቆም ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ? የሙሽሪት ቤት ደረስሁ ብላ ነዋ የምታስበው። ሙኒያ ቀጥ ብላ ወደ በረንዳው ሄደች፤ የሳሂቡ ሚስት ፊት ቆመች፤ አንድ ጉልበቷን አጥፋ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ ሙሽሪት ወጥታ አበባ እስክታጠልቅላት ትጠብቃለች። ወንድም ጋሼ እንዳይወድቅ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ሴትየዋ ቀላች፣ ሳቀች፣ ከጠረጴዛው ስኳር አንሥታ ለሙኒያ ሰጠቻት። ላልማን አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ሽርጡን አፉ ውስጥ ጎስጉሷል፤ እንዳይስቅ።

ሳሂቡ ግን እየተጣደፈ መጣ። ፊቱ በርቷል። ይህ አቀማመጥ አይማሩትም አለ፤ ከደም ነው የሚመጣ። ለሴት ማጎንበሱም የፈረሰኛ ወግ ነው፤ ይህንን ቤንጋሊ አያውቀውም። እና ጠየቀው፤ ቤተሰባችሁ ከየት ነው የመጣው?

ወንድም ጋሼ ከዚሁ ነው አለ፤ ከሻልኮና።

ከዚያ በፊትስ?

ከዚያ በፊትም ከሻልኮና።

ሳሂቡ ራሱን ነቀነቀ። ቅድመ አያትህ ራጅፑት መሆን አለበት አለ፤ ከምዕራብ ከንጉሥ ጦር ጋር የመጣ ወታደር፣ እዚህ ጭቃ ላይ የቀረ። መጽሐፉን ገለጠ፣ እርሳሱን አወጣ። ካንቺ የምደብቀው የለኝምና እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔ በልቤ በል፣ በል እሺ በለው እያልሁ ነበር። ራጅፑት በል፣ ከፈለገም የጉርካ አክስት አለኝ በል። ሳሂቡም እንደዚያው ነገረው። እንዲህ ብዬ ልጻፍ፣ ካልካታ ያሉት አንድ ጥያቄ አይጠይቁም፤ ሹመትህ ወር ሳይሞላ ይመጣል። ቤንጋሊ ብዬ ከጻፍሁ ግን አያምኑኝም፤ ለሚመጣው ዓመት ደግሞ ቦይ እየዘለልህ ትፈተናለህ።

ወንድም ጋሼ ልጓሙን አጠበቀ። ሳሂቡ እንዳለውም ሲቆጡት ዓይኑ እንባ ያቀራል። ዓይኑንም አየሁት፤ አቅሯል። ጀርባው ግን አልጎበጠም። ሲናገር ድምፁ ትምህርት ቤት ልጆችን እንደሚያስተምርበት ቀስ ያለ ነበር።

«ጌታዬ፣ ቅድመ አያቴ ልጆች ያስተምር ነበር፤ የሱም አባት እንደዚያው። ሁላችንም ሩዝ በልተን እዚሁ ነው ያደግነው። ፈረሷ ላይ ያዩት ሰው ቤንጋሊ ነው። እንደዚያ ብለው ይጻፉት፣ ወይም አይጻፉት።»

ሳሂቡ አልጻፈም። መጽሐፉን ዘጋ። በረንዳው ላይ ሚስቱ አንድ ነገር አለችው፤ እሱ ግን መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ገባ። በፈረሳችን ነበርና የሄድነው በፈረሳችን ተመለስን፤ ከበሮው ከፊት፣ ሙኒያ እየተሽኮረመመች፣ ላልማን መንገድ ላይ ተቀምጦ እየሳቀ፣ እንደገና ተነሥቶ እየተከተለ። በየደጁ ሴቶቹ ነገሩ ሳይገባቸው እልልታቸውን አቀለጡት፤ ሰርግ መስሏቸው ነው።

ማታ ለምን የፈረሷን ነገር አልነገርኸውም፣ ሙኒያ ሙሽሪት ፍለጋ ነው የሄደች፣ አቀማመጡንም ከሴት ተጫዋች ነው የተማርሁት ብትለው ኖሮ መጽሐፉን ይበላው ነበር አልሁት።

«እሱን አልጠየቀኝም» አለ። «ዘሬን ነው የጠየቀኝ።»

ከዚያ እማዬን ዓሣ አለ ወይ አላት። ኢሊሽ ነበር፤ በሰናፍጭ። ሦስቴ አስጨመረ። ቆሞ ነው የበላው፤ የኮርቻው ነገር ያን ጊዜ ነው የታወቀን።

ስለዚህ ሹመት የለም፤ ለአባትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። በሚመጣው ዓመት ቦይ እዘላለሁ ይላል፤ ሙኒያ ግን ቦይ ማዶ ሙሽሪት ካልቆመች የምትዘል አይመስለኝም። እስከዚያው በትምህርት ቤቱ ያስተምራል። ልጆቹ አቀማመጡን ይኮርጁታል፤ ትናንት አንዱ አጥር ላይ ተፈናጥጦ አገጩን ቀና አድርጎ አየሁት።

ይህንን እንድጽፍልሽ እሱ አላዘዘኝም፤ መጻፌንም አያውቅም። ፊደል ያስቆጠረሽ እሱ ራሱ ነው፣ የሰፈሩ አሮጊቶች ሚስቱን ያሳብዳል እያሉ ሲያሙት፤ ስለዚህ በሱ ፊደል ስለሱ ባወራሽ ቅር አይለውም። ማታ ማታ ብቻ፣ እግሩን አንፈራጥጦ፣ ዱላ ተደግፎ፣ ወደ ጀልባው መውረጃ ይወርዳል። የት ትሄዳለህ ስንለው ውኃው ምን ያህል እንደሸሸ ላይ ይላል። እኛ ቤት ውኃ ለክቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ልበልሽና ላብቃ። አንድ ሰው የሳሂቡን «ጥሩ ሚስት» የሚል ቃል ተውሶ ቤታችን ያስገባ እንደሆነ፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ተኝቼ ነበር፣ ቃሉን ለባለቤቱ ይመልስለት። ብረቱን እማዬ ለአቻር አዋለችው፤ ያቺ ቃል ግን ለአቻር እንኳ አትሆንም።

ዱርጋም ብትሆን አምላክ ሆና አባቷ ቤት የምትሰነብተው ጥቂት ቀን ነው፤ ከዚያ ወደ ባሏ ትሄዳለች፤ ባሏ ደግሞ ሹመት የሌለው፣ አመድ ተቀብቶ የሚውል ሰው ነው። ቦዩ ለጀልባ የሚበቃው እስከዚህ ወር መጨረሻ ነው። ከዘገየሽ ውኃው ይሸሻል፤ ያኔ ሙኒያን ነው የምልክልሽ፤ ከነከበሮዋ፤ የአባትሽ ደጃፍ ላይ ተንበርክካ እስክትወጪ አትነሣም። በቀቀኑ ምን እንደሚል አስቢው።

ታናሽ ታላቁን አይመርቅም፤ እማዬ ግን ስትጽፍላት ይህንን ጨምርበት ብላኛለች፤ የትዳርሽ ምልክት የእጅሽ ነጭ አምባር አይሰበር፣ የፀጉርሽ መካከል ቀይ መስመር አይደብዝዝ፣ ሩዝሽ ከድስት አይጉደል፣ የምታርፊበት ጥላ አይጠፋብሽ። እግርሽን ዳግመኛ ነክቻለሁ፤ ስለ ጆሮ ጌጡም ጭምር።

ከባድ ዜና ብዬ መጀመሬን አልረሳሁትም። ነገሩ ሲጠቀለል ግን ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ፈረስ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ መቀመጫው ተላጠ። እማዬ እስከ ሰኞ ይድናል ትላለች። ይህን ያህል ወረቀት የሚፈጅ ነገር አልነበረም።

ታናሽ ዋርሳሽ